ቡለን ጠዋት አትመልስም

ወረቀቱ አንድ መቶ መስመር ነበረው። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ «አለፈ» የሚል ቃል አለ፤ አንድም ቦታ «ወደቀ» አይልም። ነብዩ ያንን ወረቀት ይዞ ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት የቀረበ ቀን ደረቱን ነፍቶ ነበር። ዛሬ ያ ቀን ትዝ ሲለው፣ ብቻውን ተቀምጦ እንኳ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሰነፍም አልነበረም፣ ከአንዲት ቀን በስተቀር። ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተምሮ ሲመለስ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮው ቆርቆሮ ለባሽ፣ ወንበሩ ከሠራተኛው ቁጥር ያነሰ፣ ማኅተሙ ግን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ። በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው እንደ ሐኪም ይከበር ነበር። እናቱ ወይዘሮ የወርቅውሃ ገበያ ውስጥ ላገኘችው ሁሉ «ክልሉን ያለ ሽቦ የሚያነጋግረው የእኔ ልጅ ነው» ትል ነበር፤ ነብዩም «እማዬ፣ ተይ እንጂ» እያለ ደስ ይለው ነበር።

ያለ ሽቦ ማነጋገሩ እውነት ነው። ስልክ ላልገባባቸው ሃያ ወረዳዎች አንድ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ አንድ ላፕቶፕ፣ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ታደለ። ኦፕሬተሩ መልእክቱን ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በሬዲዮው አሶሳ ያደርሰዋል። ያንን ፕሮግራም የጻፈው ነብዩ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሬዲዮ ጠባይ አለው። ፀሐይ ሳለች የሚሠራበት የሞገድ መስመር ሌላ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ የሚሠራበት ሌላ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልቀየሩ አይሰማሙም። ድሮ ይህን ኦፕሬተሩ በእጁ ይቀይረው ነበር። ነብዩ ግን ለሰው አልተወውም። ፕሮግራሙ የላፕቶፑን ሰዓት አይቶ ንጋት ላይ ወደ ቀኑ መስመር፣ ምሽት ላይ ወደ ሌሊቱ መስመር በራሱ ይሻገራል። ሰው እንዳይነካካበትም የሬዲዮውን መቀየሪያ ቆልፎታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚኮራው በፈተናው ነበር። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፕና ሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ማንም ሳይነካቸው በየቀኑ ራሳቸውን የሚፈትኑበት ሌላ ፕሮግራም ሠርቶላቸዋል። አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። የሁለቱ ሰዓት ከተለያየ ፈተናው እየተደናገረ ስላስቸገረው፣ ገና ሲጀምር ሁለቱን ሰዓቶች እኩል እንዲያደርጋቸው አዝዞታል። ከዚያ ሃያ አራቱን ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እያሳለፈ፣ ቀኑን እያስመሸ፣ ሌሊቱን እያነጋ አንድ መቶ መልእክት ያመላልሳል። መጨረሻ ላይ ማተሚያው ይንጫጫል። አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሂርጳ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ጠረጴዛ ይወስዱትና «ራሱን በራሱ ይፈትናል፤ ያውም ያለ ሰው!» ይላሉ።

አሁን ወደዚያች የስንፍና ቀን እንመለስ። ነብዩ መሣሪያውን በአሥራ ዘጠኝ ወረዳ ተዘዋውሮ በእጁ ተክሏል። የቀረችው ቡለን ነበረች። አሶሳና ቡለን በአንድ ክልል ይሁኑ እንጂ በመካከላቸው ዓባይ አለ፤ ከአሶሳ የተነሣ ሰው በነቀምት ዞሮ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም በኩል ነው መተከል የሚገባው። ያንን ሁሉ ዞሮ ድባጤ ደርሶ፣ ቡለን ለመግባት ጥቂት ሲቀረው የክረምቱ ዝናብ ጣለ። መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ነብዩ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ሆኖ፣ ሰውነቱ ዝሎ፣ አሶሳ ናፍቆት ቆሞ ሳለ ጨው የጫነ የጭነት መኪና ወደ ቡለን ሲያልፍ አየ። መሣሪያው ያለበትን ካርቶን ለሾፌሩ ሰጠው። ከካርቶኑ ጋር፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚተከል በአሥር ቁጥር የሚዘረዝር አንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞ ላከ። ሪፖርቱ ላይ ግን «በሃያውም ወረዳ ተተክሎ ተፈትኗል» አለ።

የቡለኑ ኦፕሬተር ሃምሳ አለቃ ዱጋሳ ይባላሉ። በደርግ ጦር ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሬዲዮ ያሠሩ፣ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ተቀብለው፣ ወረቀቱን አንብበው፣ ሁሉንም ራሳቸው ተከሉት።

ከዚያ በኋላ ችግሩ መጣ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአሶሳዋ ኦፕሬተር ሰዕዲያ ወረዳዎቹን በስም እየጠራች መኖራቸውን ታረጋግጣለች። ማንዱራ አለሁ ይላል። ድባጤ አለሁ ይላል። ቡለን ዝም። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ቢጠሩት፣ ቢጠሩት ዝም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን የሃምሳ አለቃው ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ የጽሑፍ መልእክታቸውም እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ሳይቆራረጥ ይገባል። በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም እንዲሁ።

ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ነብዩም ያለው ያንኑ ነው። ሰውየው ጠዋት ሥራ አይገቡም፤ ወይ ይተኛሉ፣ ወይ ይጠጣሉ።

ሃምሳ አለቃው ጽፈው ነበር፤ ያውም ሦስት ጊዜ። «ጠዋት በቦታዬ ነኝ። እጠራለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ጆሮዬ የሚሰማው የሌሊቱን መስመር ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። እባካችሁ ይታይልኝ።» ነብዩ ይህን ሲያነብ ሳቀ። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ይዞ ሲጫወት «የቡለኑ ሃምሳ አለቃ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አይነጋላቸውም!» አላቸው። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ቀልዷ ከመጠጥ ቤት ወጥታ ቢሮ ገባች፤ ከዚያ በሬዲዮ ወረዳ ለወረዳ ዞረች። ለሃምሳ አለቃው የሄደው መልስ ደግሞ «ፕሮግራሙ በየቀኑ እየተፈተነ ያልፋል። እባክዎ በሥራ ሰዓት በቦታዎ ይገኙ» የሚል ነበር።

ሰዕዲያ ብቻ አልሳቀችም። የአሶሳ በርታ ናት፣ አማርኛን ከቋንቋዋ ቀጥላ የተማረች፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የሰው ድምፅ የሚውል ሴት።

«ነብዩ፣ እሱ ሰውዬ ሰካራም አይደለችም» አለችው አንድ ቀን።

«በምን አወቅሽ?»

«ዋላሂ፣ እኔ ድምፅ አውቃለሁ። የሰከረ ድምፅ አለ፣ የተኛ ድምፅ አለ። ዱጋሳ ድምፁ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው።»

«ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፣ ሰዕዲያ» አላት ነብዩ፤ ወደ ወረቀቱ እያመለከተ። «ማስረጃ ይኸውልሽ።»

በስምንተኛው ወር ጉዳዩ ኮሚቴ ቀረበ። ነብዩ ያንን ባለ መቶ መስመር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «ማሽኑ አይዋሽም። በጠዋትም፣ በቀትርም፣ በሌሊትም ተፈትኖ አልፏል። ቡለን ላይ የወደቀው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው» አለ። አነጋገሩ ለራሱም ጣፈጠው። ሃምሳ አለቃው ያን ሁሉ መንገድ ዞረው ሊመጡ ስላልቻሉ በሌሉበት ከሥራ ተሰናበቱ። አቶ ሂርጳ ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብለው ደብዳቤው በጠዋቱ ጥሪ ላይ እንዲነበብ አዘዙ። ሰዕዲያ «እኔ አላነብም» ብላ ተነሥታ ወጣች። ነብዩ አነበበው። አሥራ ዘጠኝ ወረዳ ሰማ። ጠዋት ስለነበረ ቡለን ብቻ አልሰማም፤ ሃምሳ አለቃው መባረራቸውን የነገራቸው የድባጤው ኦፕሬተር ነው፣ በማግስቱ ገበያ መጥቶ፣ ሰው መካከል።

ከወር በኋላ በቦታቸው ቀነኒ የምትባል ወጣት ተቀጠረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ከቢሮው አጥር ሥር የምትኖር፣ መጠጥ በአፏ የማይዞር የጴንጤ ልጅ። በመጀመሪያው ጠዋት ሰዕዲያ ጠራቻት። ቡለን ዝም። በሁለተኛውም ዝም። በሳምንቱ የወረዳው አስተዳዳሪ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ ቀርበው «ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ተቀምጣለች፤ እኔ ራሴ አጠገቧ ነበርኩ። አሁንስ እኔንም ሰክሯል ልትሉኝ ነው?» ብለው ጮኹ።

ነብዩ ባለ መቶ መስመሩን ወረቀት አውጥቶ እንደገና አነበበ። ወዲያው ግን «ዕቃው ተበላሽቶ ይሆናል፤ አንቴናው ወይም ባትሪው» ብሎ ራሱን አጽናና። አቶ ሂርጳም ሄደህ እይ አሉት። አራት ቀን ተጉዞ ቡለን ገባ።

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። ቀነኒ ጠዋት ከፍታ አስገባችው። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ሽቦው በልክ በልኩ ታስሮ፣ ባትሪው ከአቧራ ተጠብቆ በጣውላ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ንጹሕ አተካከል እርሱ ራሱ በተከለበት ወረዳ እንኳ አላየም። ገመዱን ፈተሸ፤ ደህና ነው። ባትሪውን ለካ፤ ሙሉ ነው። ላፕቶፑ ማዕዘን ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ 3:12 ይላል። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ሰዓቱም ልክ ነው ብሎ ወደ ሬዲዮው ዞረ።

እጁ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ቆመ።

ሰዓቱ ልክ ነው። የሰው ሰዓት። ለማሽን ግን ሦስት ሰዓት ማለት ሌሊት ነው፤ ዶሮ ያልጮኸበት ጨለማ። አሶሳ ያለው ላፕቶፕ በዚች ደቂቃ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለው። እርሱ በተከለባቸው አሥራ ዘጠኝ ወረዳዎች የእጅ ሰዓቱን እያየ ስድስት ደምሮ ነው የሞላው፤ መደመሩንም ልብ ብሎት አያውቅም፣ አዲስ አበባ ከለመደው ቆይቷል። ይህ ማሽን ግን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሌሊት መስሎት የሌሊቱን መስመር ይዞ ይቀመጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ነጋ ብሎ ወደ ቀኑ መስመር ይሻገራል። ሃምሳ አለቃው ያሉት አንድም ቃል ሳይጓደል እውነት ነው።

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የራሱን ወረቀት አየው። ጨው በጫነው መኪና የላከው ነው፤ የራሱ እጅ ጽሑፍ፣ የራሱ ፊርማ። «ተራ ቁጥር አራት፦ የላፕቶፑን ሰዓት ከእጅ ሰዓትዎ ጋር አስተያይተው እኩል ያድርጉት።» ከየቁጥሩ ጎን በሰማያዊ ስክሪብቶ፣ በወታደር ሥርዓት «ተፈጽሟል» ተብሎ ተጽፏል። አራት ቁጥር ላይም ተፈጽሟል ይላል።

ከቡለን የመጣ መልእክት ሁሉ ግንባሩ ላይ ሰዓቱን ይዞ ይመጣ እንደነበርም ያኔ ታወሰው፤ ዘጠኝ ከአርባ፣ አሥር ከሩብ። ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ አሶሳ ያለ ሰው ሁሉ ዘጠኝ ከአርባውን እንደ አገሩ ሰዓት አንብቦ ያልፈዋል። ያ የሚኮራበት ፈተናም ቢሆን ይህን ጥፋት በምንም መንገድ አያገኘውም ነበር፤ ሥራውን ሲጀምር ከሁሉ በፊት ሁለቱን ሰዓቶች እኩል የሚያደርገው ራሱ ነዋ። አንድ መቶ ጊዜ ያለፈው ቡለን የሌለችበትን ፈተና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረገውን ለማንም መንገር አይወድም። እኔ ግን እናገራለሁ።

«ቀነኒ፣ እስኪ ውጪ ወጥተሽ የአንቴናውን ገመድ እይልኝ» አላት። እግሯ ከበሩ ሲወጣ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ አስተካከለ። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እንደ ሌባ ጆሮውን ወደ በሩ አቁሞ ነበር። ሬዲዮው ጠቅ ብሎ መስመሩን ቀየረ፤ ማይክሮፎኑን ይዞ «ቡለን፣ አለሁ» ሲል የሰዕዲያ ድምፅ ክፍሏን ሞላት።

«ቡለን! ቡለን! አልሐምዱሊላህ! በጠዋት ነው የምትናገሪው!»

ቀነኒ እየሮጠች ገባች። «ምን ነበር ችግሩ?»

«አንቴናው» አለ ነብዩ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ላልቶ ነበር።»

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ከተማዋን አዳረሰ። አስተዳዳሪው ደስ ብሏቸው በግ አሳረዱ። እኩለ ቀን ላይ ቤታቸው ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ተሰበሰበ። ነብዩን ከላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት። «አሥር ወር ያስቸገረንን ነገር በአንድ ጠዋት!» እያሉ አመሰገኑት። ምስጋናው በረታ ቁጥር እርሱ አንገቱን ደፋ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

በመካከል አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ ጎንበስ ብለው ገቡ። ንጹሕ ሸሚዝ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አስተዳዳሪው ተነሥተው «ይግቡ፣ ይግቡ ሃምሳ አለቃ! ቅያሜ ይቅር ብዬ እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አሉ። ነብዩ በድምፅ እንጂ በአካል አይቷቸው አያውቅም ነበር። ሰውየው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጨበጡት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር። እኔ እኮ በራሴ ፈርጄ ነበር። ምፅዋ ላይ መድፍ አጠገቤ ፈንድቶ ስለነበር በቃ ጆሮዬ ሞቷል፣ የሌለ ነገር ነው የምሰማው ብዬ ተቀበልኩት። ባለቤቴም ጠዋት ጠዋት ወዴት እንደምሄድ መጠራጠር ጀምራ ነበር። ለመሆኑ ጥፋቱ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«አንቴናው… ላልቶ ነበር» አለ ነብዩ።

«በየት በኩል?»

«በምሥራቅ በኩል።»

ሃምሳ አለቃው የነብዩን እጅ ለቀቁ።

«የምሥራቁን ምሰሶ እኔ ነኝ የተከልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «በየቅዳሜው እየወጣሁ አጠብቀው ነበር። እንግዲህ እጄም ከድቶኛል ማለት ነው። ሰዎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወረዳውን ሙሉ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።»

ከእንግዶቹ አንዱ «ይሁን እንግዲህ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ። ሌላው አንገቱን ነቀነቀ፤ ገና ድሮም አውቄው ነበር እንደሚል ሰው። ቀነኒ ከበሩ አጠገብ ሆና «እኔ ዛሬ ሳየው ግን ጠብቆ ነበር» አለች፤ ማንም ጆሮ አልሰጣትም።

ነብዩ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ያንን ሰው አንድ ጊዜ በሌሉበት አዋርዷቸዋል። አሁን ደግሞ ፊት ለፊታቸው፣ በገዛ አገራቸው ሰው መካከል፣ በራሳቸው አፍ ይቅርታ እያስጠየቃቸው ነው። ተነሥቶ ቆመ። ለምን እንደተነሣ ማንም አላወቀም።

«አንቴናው አልላላም» አለ። «ዋሽቼ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ የሰዓቱን ነገር፣ ቡለን ሳይደርስ ደርሻለሁ ማለቱን፣ ኮሚቴው ፊት ያለውን ሁሉ ተናገረ። መጠጥ ቤት ያወራትን ቀልድ እንኳ አላስቀረም። ሲናገር ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ግን አላቆመም።

አስተዳዳሪው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «በሰዓት? በዚህ በሰዓት ምክንያት?» አሉ፤ አንድ ሁለት ሰውም ሳቀ። ሃምሳ አለቃው አልሳቁም። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አራተኛውን ቁጥር አነበቡ።

«ተፈጽሟል ብያለሁ» አሉ። «እንደታዘዝኩት ነው ያደረግኩት።»

«አዎን። እንደታዘዙት ነው።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። እጃቸውን ታጥበው፣ ጋባዦቹን አመስግነው፣ ሳይበሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ነብዩን ያመሰገነው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰዕዲያ ወረዳዎቹን መጥራት ከመጀመሯ በፊት ነብዩ የቡለኑን ማይክሮፎን ያዘ። አቶ ሂርጳም በመስመሩ ላይ እንዲገኙ አስጠርቷል። «ወረዳዎች ሁሉ ስሙኝ» ብሎ ጀመረ። «ከሁለት ወር በፊት በዚህ መስመር ላይ አንድ ደብዳቤ አንብቤ ነበር። ደብዳቤው ሐሰት ነው። ሃምሳ አለቃ ዱጋሳ አንድም ቀን ከሥራቸው ቀርተው አያውቁም። ጥፋቱ የፕሮግራሙና የእኔ ነው። እኔ ነብዩ ነኝ።» አቶ ሂርጳ ተቆጥተው «ይህ በጽሑፍ የሚቀርብ ነገር ነው፤ በአየር ላይ አይባልም!» አሉ። ሰዕዲያ ግን እንዳልሰማች ሆና ወረዳዎቹን በየተራ ጠራች። «ማንዱራ፣ ሰምተሻል?» ሰምቻለሁ። «ድባጤ?» ሰምቻለሁ። አሥራ ዘጠኙም ሰምቻለሁ አሉ። ከሁሉም በኋላ «ቡለን፣ ሰምተሻል?» አለች።

ነብዩ ሊመልስ ሲል ከመስኮቱ ውጪ ሰው ቆሞ አየ። ሃምሳ አለቃው ናቸው። ሲያዳምጡ ነበር። ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ወጣ።

«ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለ። «እኔን ቢያባርሩኝም ይገባኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቦታው ሰው ገብቶበታል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ በእሷ ላይ ደብዳቤ እንዳትጽፍ» አሉት። ኢንጂነር ማለቱን ትተውታል፤ አንተ ነው የሚሉት፣ እንደ ልጃቸው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሃምሳ አለቃው የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ስምንት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንነጋገር ነበር እኮ» አሉ። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ‹ሃምሳ አለቃ፣ እዚያ ማሽንዎ ላይ ስንት ሰዓት ነው?› ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ውስጥ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ሰዕዲያ ቡለንን ደግማ ትጠራለች።